ገብቶናል፣ ጋሼ

ሰውዬው መቀመጥ አይችልም ነበር። ሕመም የለበትም፤ ወገቡም ጉልበቱም ደህና ነው። ግን ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ወንበር ላይ ሲያስቀምጡት ጣሪያው ዝቅ ያለበት ይመስለዋል። የአውራጃ አስተዳዳሪ ሆኖ ሲሾም ቢሮው ውስጥ ጥቁር የቆዳ ተሽከርካሪ ወንበር ጠበቀው። የመጀመሪያ ቀን ኮቱን አውልቆ ሰቀለበት፤ ከዚያ ወዲያ ወንበሩ የኮቱ ሆኖ ቀረ። ጸሐፊዋ እንግዳ ሲመጣ፣ «ይግቡ፣ ኮታቸው ተቀምጧል፣ እሳቸውም እዚያው አካባቢ አይጠፉም» ትላለች እየተባለ ይወራባታል።

እውነቷን ነው፣ አይጠፋም። ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ግድግዳው ካርታ ሲመላለስ ይውላል። ምንጣፉ መሀሉ ሳስቶ ቀጭን መንገድ አውጥቷል። ቢሮው ሲጠበው ደግሞ ወደ ሠራተኞቹ ክፍል ይወርድና እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በጠረጴዛዎቹ መሀል ያልፋል፤ ፈተና የሚጠብቅ መምህር እንደሚያልፈው፣ ቀስ ብሎ፣ የጫማውን ድምፅ እንኳ ሳያሰማ። ሠራተኞቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ልጅ የዳሩም አሉባቸው። ግን ጥላው ከኋላቸው ሲያርፍባቸው ሳይታወቃቸው የሚጽፉትን በክንዳቸው ይሸፍናሉ። አንድ ቀን ሽበታሙ የመዝገብ ቤት ኃላፊ «ጋሼ ይሙቱ፣ ከማንም አልኮረጅኩም» ቢል ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሳቀና መዞሩን ቀጠለ።

ከተማው ውስጥ ጠመኔ ነው የሚሉት። ፊት ለፊት ጋሼ፣ ፊቱን ሲያዞር ጠመኔ። በትምህርት ቤቱ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ብዙ ዘመን ስለቆየ፣ የአውቶቡሱ ሹፌርም፣ ባለሱቁም፣ ነርሷም፣ ፖሊሱም በሱ እጅ ያለፈ ነው። ጎበዝ አስተማሪ ነበር፣ ይህን ማንም አይክደውም። ወንዝ ሲያስተምር ውሃው የሚሰማ ይመስል ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ሞልቶ ጠመኔው ግድግዳው ላይ ሲሸሽ እንኳ አያቆምም። ሲጨርስ እጁን ያራግፍና ወደ ክፍሉ ዞሮ፣ «ገብቷችኋል?» ይላል።

«ገብቶናል፣ ጋሼ!» ይላል ክፍሉ በአንድ አፍ።

ያልገባው የለም ወይ ያላችሁ እንደሆነ፣ ሞልቷል። ግን ሰውዬው አንድ ሕግ ነበረችው። አልገባኝም ያለ ልጅ ሰሌዳው ድረስ ወጥቶ፣ ያልገባውን ነገር ለክፍሉ ማስረዳት አለበት። እስቲ አስቡት፤ ያልገባውን ነገር ሰው እንዴት አድርጎ ያስረዳል? እሱ እንኳ ለክፋት አልነበረም ያወጣት፤ ችግሩን በስሙ መጥራት የቻለ ልጅ ግማሹን ፈታው ብሎ ያምን ነበር። ልጆቹ ግን የሚያውቁት እዚያ ላይ መገተሩን ነው። ስለዚህ የገባውም ያልገባውም እኩል ይጮሃል፤ ያልገባው እንዲያውም አብልጦ። እሱ ያንን ድምፅ ሲሰማ ልቡ ቅልጥ ይልለታል።

ወደ ፖለቲካ የገባው በቆርቆሮ ምክንያት ነው። አንድ ክረምት ንፋስ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደው፤ ልጆቹ ጃንጥላ ይዘው መማር ጀመሩ። የሚመለከተው ሁሉ ነገ ዛሬ ሲል መምህሩ የከተማው ስብሰባ ላይ ሄደ። ተራው ሲደርስ ከኪሱ ጠመኔ አወጣና የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ጣሪያውን ሣለው። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ቆርቆሮው የት የት እንደሚመታ፣ ምን ያህል እንደሚበቃ አንድ በአንድ አስረዳ። ሲጨርስ እጁን አራገፈና ልማድ ሆኖበት «ገብቷችኋል?» አለ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ግማሹ ተማሪው ነው። «ገብቶናል፣ ጋሼ!» ብሎ አዳራሹን አናጋው። የመድረኩ ሰዎች ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። ቆርቆሮው ሳይውል ሳያድር መጣ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀው። ይህ ሰውዬ ሕዝብ አለው ተባለ። ምክር ቤት አስገቡት፤ ቀጥሎ ከንቲባ ሆነ፤ ቀጥሎ አውራጃውን ሰጡት። ሥልጣን ወዳድ አልነበረም፤ ጉቦ አልበላም፣ ዘመድ አልቀጠረም። እሱን የሚነዳው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቢሮ ገብቶ ማዕዘኑን ሁሉ ከለመደው በኋላ ውስጡን የሆነ ነገር ይበላዋል። ከንቲባ ሳለ አውራጃውን በመስኮት ያይ ነበር፤ አውራጃው ሲደርሰው ከተራራው ወዲያ ያለው ይታየው ጀመር። እግሩ እዚህ፣ ዓይኑ እዚያ።

ሚስቱ ደግሞ ተቀምጣ የምትሠራ ሰው ናት። ልብስ ሰፊ ናት። የቤታቸው የፊት ክፍል በሩ ወደ መንገድ ነው፤ እሷ መስኮቱ ሥር ከስፌት መኪናዋ ኋላ ከተቀመጠች ከተማው ሁሉ በሷ በኩል ያልፋል። የልጅ ዩኒፎርም፣ የአዋቂ ሱሪ፣ የጠበበው ሲሰፋ፣ የሰፋው ሲጠብ። ትምህርቷ ብዙም አልገፋም፤ አንደበቷ ግን ከመቀሷ አያንስም። ሰው ሁሉ ጋሼ የሚለውን እሷ «አንተ ሰውዬ» ትለዋለች። እሱ በክፍሉ ውስጥ መዞር ሲጀምር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጨርቄን አትርገጥብኝ» ትላለች፤ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሱ ሹመት እሷን ብዙም አልነካትም። ምክር ቤትም ቢሆን፣ ከንቲባም ቢሆን፣ አውራጃም ቢሆን ማታ የሚመለሰው እዚያው ቤት ነው።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ። ከክፍለ ሀገሩ መንግሥት አንድ ትልቅ ሰው፣ ደንደን ያለ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ ለጉብኝት መጥቶ ሳለ ለብቻው ጠራው። እዚህ የሚሠራው አዲሱ የአውቶቡስ መናኸሪያ አልቆ ለምረቃ ስመጣ ነገሩ በሰላም ካለፈ፣ አለው፣ ላይ እኛ ዘንድ ወንበርህ ተዘጋጅቷል ብለህ ቁጠረው። ትልቁ ከተማ ማለት ነው። ቢሮ ማለት ነው፣ ቤት ማለት ነው፣ የመንግሥት መኪና ማለት ነው። መምህሩ ያን ቀን ከሥራ ወደ ቤቱ በቀጥታ መሄድ አቃተው፤ ከተማውን ሁለቴ ዞረ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ አፏን በመርፌ ሞልታ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ትይዛለች። እሱ በክፍሉ ውስጥ እየተመላለሰ አስረዳት። ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳት። ቤቱ ግቢ እንዳለው፣ ከዋናው መንገድ ዳር ሱቅ እንደሚከራይላት፣ ትልቅ መስታወት እንደሚገባላት፣ የዚያ ከተማ ሴቶች ለልብስ እንደማይሳሱ። እዚህ እንዴት እንደሚዘጋ፣ እዚያ እንዴት እንደሚከፈት፣ ከሁሉ በፊት ምን እንደሚጫን። ሲጨርስ እጁን አራገፈ። በእጁ ምንም ጠመኔ አልነበረም።

«ገባሽ?»

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው።

«ገባኝ» አለች። ፔዳሉን ረገጠች፤ የስፌት መኪናው መንጫጫት ጀመረ።

ደስ ብሎት ወጣ። ይቺ ሴት ለአንድ ቁልፍ ቀለም ከደንበኛ ጋር ግማሽ ቀን የምትከራከር ናት፤ ያለ አንዳች ክርክር፣ ጨርቄን ማቄን ሳትል እሺ አለችኝ ብሎ ተገረመ።

ቀረ መናኸሪያው። አሮጌው መናኸሪያ ከተማው እምብርት ላይ ነው፤ አውቶቡሶቹ ሲወጡ ሲገቡ የሱቅ መደርደሪያ ያናውጣሉ። አዲሱ ከወንዙ ማዶ ሰፊ ሜዳ ላይ ተሠርቷል፤ ጥላ አለው፣ ማረፊያ አለው፣ ለየመንገዱ ቁጥር ተጽፎለታል። መምህሩ ሹፌሮቹንና ባለአውቶቡሶቹን አዳራሽ ሰበሰበ፤ ሰሌዳ አስገባ። ወንዙን ሣለ፣ ድልድዩን ሣለ፣ አሮጌውን ቦታ በቀይ፣ አዲሱን በአረንጓዴ ጠመኔ ለየ። ያን ቀን ያስተማረውን ትምህርት የሰማ ሁሉ እንዲያ አምሮለት አያውቅም ይላል። የኋላው ረድፍ ላይ ሁለት ሹፌሮች ሲንሾካሾኩ አየና ሳያስበው ጠመኔ ወረወረባቸው። አዳራሹ ሳቀ፤ የተመታው ሹፌር ጠመኔዋን አንስቶ በሁለት እጁ አክብሮ መለሰለት።

«ገብቷችኋል?»

«ገብቶናል፣ ጋሼ!»

ትልቁ ሰውዬ በሚመጣበት ዋዜማ አውቶቡሶቹ አዲሱ መናኸሪያ የሚገቡበት አንድ የሙከራ ቀን ተቀጠረ። መምህሩ ጎሕ ሲቀድ ወንዙን ተሻግሮ አዲሱ መናኸሪያ ደረሰ። ጥበቃው በሩን ከፈተለት። ሜዳው ንጹሕ ነው፤ በኖራ የተሰመረው መስመር ጫማ አልነካውም። እጁን አጣምሮ ከቁጥር ወደ ቁጥር መሄድ ጀመረ። ፀሐይ ወጣች። ጥበቃው ሻይ አምጥቶለት ቀዘቀዘ። አንድ ሰው በብስክሌት አለፈ። አንዲት ፍየል በኩራት ገብታ የትልቁ ከተማ መስመር ላይ ቆመች፤ ጥበቃው ሊያባርራት ሲነሣ መምህሩ ተዋት አለው። ሌላ የመጣ አልነበረም።

ወደ አሮጌው መናኸሪያ በእግሩ ተመለሰ፤ ሲሄድ ሲሄድ ሩጫ ሊሆን ምንም አልቀረው። አውቶቡሶቹ እንደ ወትሮው ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ተሳፋሪው ይጋፋል፣ ዕቃ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሹፌሮቹ ሲያዩት ሲጋራቸውን ከኋላቸው ደበቁ፤ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ አለ። ጋሼ እንደምን አደሩ፣ ጋሼ ቤት ደህና ነው፣ ጋሼ ምን እንታዘዝ። አንዱ ኮቱ ላይ ያረፈውን አቧራ አራገፈለት። እንዲህ እያከበሩት መቆጣት አቃተው፤ እጅ እግሩ ታሰረ።

የሹፌሮቹ ማኅበር መሪ ጎማ የሚሉት ነው፤ ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ በተማሪነቱ ከመስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ የነበረ። መምህሩ ወደ ጎን ወሰደው።

«ምነው አንተ? ትናንት አዳራሽ ምን ብላችሁኝ ነበር?»

«ገብቶናል አልንዎት» አለ ጎማ።

«ታዲያ?»

«ገብቶናል እኮ ጋሼ። አሁንም ቢጠይቁን እንመልሳለን። የድልድዩ ስፋት፣ የሜዳው ልክ፣ ለምን እንደተሠራ፣ ሁሉንም። ገብቶናል አልን እንጂ እንሄዳለን ያልነው መቼ ነው?»

ጎማ እያላገጠ አልነበረም፤ ፊቱ ላይ የፌዝ ምልክት የለም። እንዲያውም ያሳዘነው ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ውቅያኖስ አስተምረውን አልነበር? ገብቶናል ብለን ወጣን። አንዳችንም ግን ውቅያኖስ አልሄድንም። ይኼም እንደዚያ መሰለን። ትሄዳላችሁ ወይ ብለው አልጠየቁንም እኮ።»

መምህሩ ያኔ ቢጠይቅ ኖሮ ምን እንደሚሉት ማን ያውቃል። ሊጠይቅም አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። ግን ጎማ አልሄድም ቢለውስ? መምህር መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ለተማሪ ጠይቆ አያውቅም። ጎማን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ቢሮው ሲደርስ የፖሊስ አዛዡ ቆሞ ጠበቀው። ይኼኛው የክፍል አለቃ የነበረ ነው፤ መምህሩ ሲወጣ የሚያወሩትን ልጆች ስም እየጻፈ የሚያቀብል። ዛሬም አልተለወጠም፤ የማን አውቶቡስ የት እንደቆመ፣ ማን ምን እንዳለ ይዞ መጥቷል።

«ጋሼ፣ ትእዛዝዎን ብቻ ነው የምጠብቀው» አለ።

መምህሩ ምንጣፉ ላይ ባወጣት መንገድ ሄደ፣ መጣ። ትልቁ ሰውዬ ነገ ይገባል። ወንበሩ ተዘጋጅቷል። ከተራራው ወዲያ ያለው ከተማ ዓይኑ ላይ ድቅን አለበት።

«ሰው እንዳይጎዳ» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን ወደ ካርታው አዙሮ።

በማግስቱ አውቶቡሶቹ ሁሉ አዲሱ መናኸሪያ ውስጥ በየቁጥራቸው ተሰልፈው ተገኙ፤ ታጥበው፣ ከየአንዳንዳቸው ጎን አንድ ፖሊስ አንድ ሹፌር ቆሞ። ሹፌሮቹ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ፊታቸውን አድርቀዋል። ሪባኑ ተቆረጠ። ትልቁ ሰውዬ ረጅም ንግግር አደረገ፣ በጣም ረጅም፣ ጸሐፊዋ ቆማ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ። ከዚያ መምህሩ አጠር አድርጎ አመሰገነና፣ አመል ነውና ከአፉ አመለጠው።

«ገብቷችኋል?»

«ገብቶናል፣ ጋሼ!» አለ ሜዳው በሙሉ። ፖሊሶቹም ሳይቀሩ።

ትልቁ ሰውዬ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሕዝብ የትም አላየሁም አለ። መምህሩን አቅፎ ፎቶ ተነሣ።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ቢሮው መስኮት ላይ ቆሞ ነበር። የትልቁ ሰውዬ መኪና ተራራውን ዞራ ስትጠፋ አያት። አቧራዋ ገና ሳይበርድ ከድልድዩ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ። መጀመሪያ የጎማ አውቶቡስ፣ ከኋላው ሌሎቹ፣ አንድ በአንድ ወንዙን እየተሻገሩ ወደ አሮጌው መናኸሪያ ገቡ። ጎማ በቢሮው ሥር ሲያልፍ ቀና ብሎ አየውና በአክብሮት አንድ ጊዜ ጥሩምባ ነፋለት። የፖሊስ አዛዡ ስልክ ደወለ፤ መምህሩ ተዋቸው አለው።

ሹመቱ በዚያው ሰሞን መጣ። በስልክ ሲነግሩት እንደ ልማዱ እየዞረ ስለነበር ሽቦው ጎትቶ ስልኩን ከጠረጴዛው ጣለው፤ ደዋዩ ከወዲያ ሲያወራ እሱ መሬት ተንበርክኮ ነው እሺ፣ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ ያለው። ሠራተኞቹ አጨበጨቡለት። እሱ ግን ደስታው እንዳሰበው አልሆነለትም። አንዳች ነገር ጫማው ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ይቆረቁረዋል፤ ሲራመድ ይሰማዋል፣ ሲያወልቀው የለም። ጎማ ያላት ነገር በጆሮው ትመላለሳለች። አልጠየቁንም እኮ። ሞኝ ነው፣ ይልና ይተዋታል፤ ዞሮ ሲመለስ ካርታው አጠገብ ትጠብቀዋለች።

ሚስቱ አዲስ ሙሉ ልብስ ሰፋችለት። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ስትለካው፣ «ቁም እስቲ፣ አንድ ቦታ ቁም» እያለች፣ ትከሻውን ይዛ እያዞረች። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ገበሩ ሐር ነው፤ የውስጥ ኪሱን ጠመኔ እንዳይፈረፈርበት በወፍራም ጨርቅ ደረበችው። እንዲህ ያለ ልብስ ለሙሽራ እንኳ ሰፍታ አታውቅም። እሱ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ሲያይ፣ ለራሷ ምን እንደሰፋች መጠየቅ ትዝ አላለውም።

የመሄጃው ቀን ጠዋት የመንግሥት መኪና ደጃፉ ላይ ቆመች። መምህሩ አዲሱን ልብስ ለብሶ ከጓዳ ወደ ፊት ክፍል ወጣ። በሩ አጠገብ አንድ ሻንጣ ብቻ ተቀምጧል፤ የሱ ነው። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ ትሰፋለች። ግድግዳው ላይ ለቀጣዩ የትምህርት ዘመን የተቆረጡ ዩኒፎርሞች ተሰቅለዋል፤ በየአንዳንዱ ላይ የልጁ ስም በብጣሽ ወረቀት ተሰክቷል። ማሰሮው፣ አልጋው፣ መስታወቱ ሁሉም በየቦታው ነው። መርፌው ውስጥ ክር ገብቷል።

«ጓዝሽስ?» አላት።

«የማን ጓዝ?» አለች።

ልክ ያን ጊዜ ነው ክው ያለው። ፔዳሉን እየረገጠች ገባኝ ስትለው፣ መኪናው ሲንጫጫ፣ ደስ ብሎት ሲወጣ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣበት። እግሩ በራሱ ጊዜ መራመድ ጀመረ፤ ከሻንጣው እስከ ዩኒፎርሞቹ፣ ከዩኒፎርሞቹ እስከ ሻንጣው። ለዚህኛው የሚጠራው የፖሊስ አዛዥ የለም። አንድ በአንድ አስረድቷታል፤ ደግሞ ማስረዳት ይችላል፤ ገባሽ ቢላት ገባኝ እንደምትለው ያውቃል። ሌላ የቀረችው ጥያቄ አንድ ናት፤ መልሷን ደግሞ አያውቃትም።

ውጪ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

«ትመጪያለሽ?» አላት።

ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ሚስቱ እግሯን ከፔዳሉ አነሣች። የስፌት መኪናው ዝም አለ።

«መጀመሪያ ቁጭ በል» አለችው። ደንበኛ የሚቀመጥባትን ዱካ በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

ተቀመጠ። አዲሱ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተወጠረ።

«አልመጣም» አለች።

«ምኑ ነው ያልገባሽ? ሱቁ...»

«ገብቶኛል። ሱቁም፣ መስታወቱም፣ ግቢውም ገብቶኛል። አልመጣም ነው ያልኩህ። እኔ እዚህ የመጣሁት ባንተ ምክንያት ነው፤ አንዴ ተነቅያለሁ። ሥር የሰደድኩት ከዚች መስኮት ሥር ነው። አሁን የማንን ልጅ ወገብ ነው ተነሥቼ እንደ አዲስ የምለካው?» ቁጣ የለባትም። ክሩን በጣቷ ጠቀለለች። «ሂድ ካልክ ልብስህን ሰፍቼልሃለሁ፤ ኪስህንም ደርቤልሃለሁ። አልከለከልኩህም። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አንተ ሰውዬ። እዚያ ከደረስክ በኋላ፣ ከዚያስ ወዴት ነው?»

ትልቁን ከተማ አሰበ፤ ከትልቁ ከተማ ወዲያ ያለውን መስኮት አሰበ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚታየው አሰበ። ሥራውን አሰበ፣ ሰዎቹን አሰበ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ገብቶናል ሲለው ታየው። እግሮቹ ከዱካዋ ሥር ባዶ ፔዳል እንደሚረግጥ ሰው ይንቀሳቀሱ ነበር።

«እኔ እንጃ» አለ። «ምን እንደሚነዳኝ... አልገባኝም።»

ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ቀና ብላ በደንብ አየችው። ከዚያ ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር መጣ፤ ሳቅ ሊሆን ትንሽ የቀረው።

«ያልገባው ያስረዳን፣ አይደል ሕግህ?» አለች። የያዘችውን ዩኒፎርም አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና እጆቿን እላዩ ላይ አደረገች። «በል አስረዳኝ።»

ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። ከዱካው ብድግ ሊል ጉልበቱን ያዘ፤ ያዘና እዚያው ቀረ።

«ከየት ልጀምር?»

«ከቆርቆሮው ጀምር» አለችው።

ጀመረ። እንደ ወትሮው አላማረለትም፤ ይጀምራል፣ ያቋርጣል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እጁ የሚሥልበት ሰሌዳ አጥቶ ሱሪው ላይ ይንከራተታል። እሷ አላቋረጠችውም። ውጪ ሹፌሩ ትንሽ ጠብቆ፣ በመስኮቱ አሻግሮ አያቸውና ሞተሩን አጠፋ።